ጭቃው ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፣ ታክሲው ከ11 ሰዓት በኋላ የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ ከከተማው ዳር ስላሉ ሙዚየሞችና የሥዕል አዳራሾች የወጣውን ጽሑፍ አንብበነዋል። ጸሐፊው አዳራሾቹ ባዶ መሆናቸውን ታዝበው ጥፋቱን በአካባቢው ነዋሪ የጥበብ ፍቅር ማነስ ላይ ጥለውታል። አዳራሾቹ ባዶ ናቸው፤ እዚህ ላይ አንከራከርም። የነዋሪው ፍቅር ግን ገና አልተፈተነም። ሰው በማይደርስበት ሰዓት ተጠርቶ፣ በማይመለስበት ሰዓት ተሸኝቶ፣ በመሃሉም ንግግር ብቻ ሲሰማ ውሎ «ጥበብ አይወድም» ሊባል አይገባም። ዐውደ ርእይና የእጅ ሥራ ሥልጠና ማሰናዳት እንጀራችን ስለሆነ፣ ነገሩ የሚበላሸው የት የት ላይ እንደሆነ በዝርዝር ብንጽፍ ለአዘጋጆችም ለእናንተም ይጠቅማል ብለናል።

የተለመደው አካሄድ ይህ ነው። ዓርብ አመሻሽ ላይ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ሦስት ሰው ንግግር ያደርጋል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። በጀቱ በዚያች ምሽት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ከሥዕሎቹ ጋር የሚቀሩት ዘበኛውና አቧራ የጠጣው የአስተያየት መዝገብ ናቸው። መክፈቻ ይኑር፤ ገንዘቡን ሁሉ ግን አይብላው።

ከጥሪ ወረቀቱ እንጀምር። ወረቀቱ በሁለት ቋንቋ ሲታተም በእንግሊዝኛው በኩል 6:00 የተባለው ሰዓት ወደ አማርኛው ሲገለበጥ እንዳለ 6:00 ሆኖ ይቀራል። ለእኛ ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ነው። እናም ከየካ አባዶ ልጆቿን ይዛ የወጣች እናት በምሳ ሰዓት የተዘጋ በር ታገኛለች፤ ወረቀቱን የጻፈው ሰው የጠራት ለማታ 12 ሰዓት ነበር። ሁለተኛ አትመጣም፤ ማን ይፈርድባታል? ቀኑም እንደዚሁ ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ በእኛና በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ይንሸራተታል። የአምናውን ፋይል ከፍቶ ዓመቱን ብቻ የሚቀይር አዘጋጅ በዚህ ወቅት ሁለቱን ቀን ያጣላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሳምንቱን ቀን በፊደል ጽፎ፣ «ከቀኑ»፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለውን ቃል ሳያስቀሩ፣ ወረቀቱን ከመታተሙ በፊት ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አስነብቦ «መቼ ትመጣለህ?» ብሎ መጠየቅ።

ሰዓቱ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ እንዴት ይመለሳሉ የሚለው ነው። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ጥቂት አልፎ እስከ 12:50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በ12 ሰዓት የሚጀምር ዝግጅት፣ በሰዓቱ ቢጀመር እንኳ፣ የሚያልቀው በጨለማ ነው። ዳር ያለ ሙዚየም ደጅ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው ኮብልስቶንና መብራት የሌለው ምሰሶ ነው። ከ11 ሰዓት ጀምሮ የታክሲ ሰልፉ ይረዝማል፣ ታክሲውም መንገዱን እያቆራረጠ ይጭናል፤ አንዱ ጉዞ ሁለትና ሦስት ይሆናል። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም አያትና ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይታሰብ። ሰው ከበሩ ወጥቶ 10:30 ላይ ታክሲ ተራ መድረስ ካለበት፣ ሥራው 10 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ 8 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ለዳር ከተማ ሙዚየም ከሁሉም የተሻለው ሰዓት ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እድርም አለ። ሁዳዴ ላይ እስከ 9 ሰዓት የሚጾመውን ሰው በ8 ሰዓት ጠርቶ ብስኩትና ማኪያቶ ማቅረብ ደግሞ ግብዣ አይባልም፤ መስተንግዶው መጨረሻ ላይ፣ የጾም ሆኖ ይቅረብ። በረመዳን ጭርሱን ባይታሰብ ይሻላል፤ ለመጾም የማይገደዱት ሕፃናት ግን ውሃ ያስፈልጋቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ሰው መጥቶ ምን ያድርግ?

ጭቃን እንውሰድ። በመካኒሳ የሚገኘውን ዞማ ሙዚየም ያየ ሰው ለምን ጭቃ እንደምንል ይገባዋል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የዐውደ ርእይ አሰናጇ መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ይህ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም ሲከፈት፣ ግድግዳዎቹ በጭቃና በጭድ፣ በአገሬው የግንባታ ጥበብ የተሠሩ ነበሩ፤ ጌጣቸውም እዚያው ግድግዳው ላይ የወጣ ነው። በዳር ሰፈሮች የሚኖረው ሰው፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በብሎኬት ተከብቦ ቢኖርም፣ ምርግና ልስን የሚሉትን ቃላት አስተርጓሚ አይፈልግባቸውም። ብዙው ዳር ሰፈር ትናንት እርሻ ነበር። ሙዚየሙ ከዚህ ዕውቀት ቢነሣ መንገዱ ግማሹ አልቋል።

ግን ጭቃ የራሱ ቀጠሮ አለው፤ አዘጋጆች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ጠዋት አፈር አስደፍተው ከሰዓት በኋላ በእንጨት ማገር ላይ ትንሽ የጭቃ ሰሌዳ የሚሠራ ተሳታፊ ይጠራሉ። ያልበሰለ ጭቃ እንጨቱን አይዝም፤ ቢይዝም በሁለት ቀን ይሰነጠቃል። ተሳታፊው ሥራውን ሊወስድ ሲመጣ ፍርስራሽ ያገኛል፣ የጥፋቱንም ምክንያት የሚነግረው የለም።

መጀመሪያ አፈሩ ይመረጥ። ከአቃቂ ወደ ቦሌ አራብሳ ባለው ሜዳ የሚበዛው ጥቁር መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ብቻውን ለግድግዳ አይሆንም። ቀዩ አፈር ይሻላል። ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ክዳን ያለው ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን አፈር ሞልቶ፣ ውሃ ጨምሮ፣ በደንብ በጥብጦ ማሳደር ነው። አሸዋው በደቂቃዎች ውስጥ ታች ይቀመጣል፣ ደቃቁ አፈር ከላዩ ይከተላል፣ ሸክላው በመጨረሻ ይረጋል። ሸክላው ከበዛ አሸዋ ይጨመር፣ ካነሰ ሌላ አፈር ይፈለግ። ይህችን ጠርሙስ ራሷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለልጆች ማሳየት ከሦስት ንግግር ይበልጣል።

ከዚያ አፈሩ በ1 ሳንቲ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ይህ የሚዘለል ሥራ አይደለም፤ የከተማ አፈር ጠርሙስ ስባሪና ምላጭ አያጣም፣ ጭቃው ደግሞ የሚረገጠው በባዶ እግር ነው። የጤፍ ጭድ ይቆረጥ፤ ለምርጉ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ለልስኑ ከ2 እስከ 3። ለሁለት ባልዲ አፈር አንድ ባልዲ ጭድ መነሻ ነው፤ መነሻ ብቻ፣ ምክንያቱም አፈር ከአፈር ይለያል። ሦስት ዓይነት መጠን ደባልቆ በ20 ሳንቲ ሜትር ካሬ ሦስት ናሙና ሠርቶ ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። የተሰነጠቀው ጭድ ያንሰዋል፣ በእጅ ሲነኩት የሚፈረፈረው ጭድ በዝቶበታል።

የተረገጠው ጭቃ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በየሦስት ወይም አራት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ ይገለበጣል፣ ይረገጣል። ጭዱ እየበሰበሰ ሲሄድ ይሸታል፤ ጎረቤት ቢያማርርም ሽታው ጭቃው እየደረሰ መሆኑን ይናገራል። የበሰበሰው ጭድ የሚለቀው ነገር ጭቃውን እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። በእነዚህ ቀናት እንዳይደርቅ መጠበቅ እንጂ ሌላ ጥበብ አይጠይቅም።

እንግዲህ መርሐ ግብሩ ይህን ይከተል። የመጀመሪያው ቅዳሜ መንፋትና መርገጥ ነው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ምርግ። ከዚያ በሳምንቱ ስንጥቁን መሙላትና ልስን። በአራተኛው ቅዳሜ ሥራውን ማስጌጥና ይዞ መሄድ። እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ነው። በአንድ ምሽት ድግስ ፋንታ አራት ቅዳሜ፣ ያውም ያው ሰው ተመልሶ የሚመጣበት። ጎብኚ የጠፋው ሙዚየም ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

መጠኑም ይታሰብበት። ጉጉት ይዟቸው ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ የሚያሠሩ አሉ። ያ 12 ሊትር ተኩል ጭቃ ነው፤ እርጥቡ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ማን ታክሲ ላይ ይዞት ይሳፈራል? ረዳቱስ ዝም ይላል? 30 በ30፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ 2.7 ሊትር ነው፣ ሲደርቅ ልጅም ይሸከመዋል። ለ20 ሰው 54 ሊትር ይሆናል፤ የሚደፋውንና የሚበላሸውን ጨምሮ አራት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ጭቃ ይዘጋጅ። ውስጡ ከቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ቋሚና ማገር ይኑረው፤ ያለ ማገር በጠርዙ ይሰበራል። ማድረቂያው ጥላ ነው። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ፊቱ ቀድሞ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ስንጥቁም ከዚያ ይመጣል። ዳር ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ባለ 200 ሊትር በርሜል ከዋዜማው ይሞላ፤ ለ20 ሰው እጅና እግር መታጠቢያ ብቻ 100 ሊትር ይሄዳል። ወቅቱ ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ቢሆን ደግ ነው፤ ዝናብ የለም፣ ጤፍ ተወቅቶ ጭድ ይገኛል።

አስተማሪው ማን ይሁን? እዚህ ላይ ቅሬታ አለን። ቤታቸውን በየዓመቱ ሲመርጉና ሲለቀልቁ የኖሩ እናቶችና አባቶች ከሙዚየሙ አጥር ጀርባ አሉ። ሲጠሩ ግን ለማሳያ ነው፤ የባህል ልብስ አድርገው ጥግ ላይ ይቆማሉ። መድረኩ ላይ ስለ አገር በቀል ዕውቀት የተናገረው ምሁር አበል ተከፍሎት ይሄዳል፣ እትዬ ደግሞ ምስጋናና አንድ ጠርሙስ ውሃ። ለአራቱ ቅዳሜ የአስተማሪ ክፍያ በጀት ይያዝ፤ ስማቸውም በጥሪ ወረቀቱ ላይ ከምሁሩ እኩል በሆነ ፊደል ይጻፍ። ለአሥር ተሳታፊ አንድ አስተማሪ ይበቃል።

ፈትል የተለየ ሒሳብ አለው። ብዙ አዘጋጅ ሽመና ማሳየት ይወዳል፤ ለፎቶ ያምራል። ነገር ግን ሸማ መሥሪያው ላይ የሚቀመጠው አንድ ሰው ነው፣ ሌላው ሃያ ሰው ቆሞ ያያል፤ መወርወሪያው አምስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ የልጆቹ ዓይን ወደ ደጅ ይሄዳል። ለቡድን የሚሆነው መፍተል ነው። እንዝርት ለየሰው ይታደላል፤ ጥጡ ተዳምጦና በደጋን ተነድፎ ባዘቶው አስቀድሞ መጠቅለል አለበት፣ አለዚያ ሁለቱም ሰዓት በመንደፍ ያልቃል። ጀማሪ ክሩን በየደቂቃው ይበጥሳል፤ ስለዚህ ለስድስት ሰው አንዲት ፈታይ ትመደብ። ነፋስ ባዘቶውን ስለሚበትነው ቤት ውስጥ ይሁን። ስፌት ከሆነ ስንደዶውና አክርማው ቀድመው ውሃ ይንኩ፣ ደረቁ ይሰበራል፤ ወስፌ ይዋጋልና ለትንንሽ ልጆች አይሰጥ።

የኤልያስ ስሜን ሥራ ያዩ መምህራን ከኮምፒውተር ዕቃና ከሽቦ ሥዕል ማሠራት እየወደዱ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ምናለሽ ተራ ዕቃው አይጠፋም። ለልጆች ግን የሚሰጠው በፕላስቲክ የተሸፈነ የመረጃ ገመድ፣ የኪቦርድ ቁልፍና ብሎን ብቻ ይሁን። ባትሪ፣ የድሮ ወፍራም ቴሌቪዥን ስክሪንና የኮምፒውተር ኃይል መስጫ ሣጥን አይከፈቱ። የአሮጌ ቦርድ ብየዳ እርሳስ አለበት፤ አይፋቅ፣ አይቃጠል፣ ሥራው ሲያልቅም እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ዳቦ አይታደል።

ስለ ቡናው ደግሞ እንናገር፤ ብዙ ሰው ይቆጣ ይሆናል። ቡና ማፍላት ሰው ይሰበስባል፣ ይቅር የሚል የለም። ሥዕል የተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ግን አይፈላ። ዕጣን ሙጫ ነው፤ ጭሱ ሸራው ላይ ያርፋል፣ አቧራ ይይዛል፣ ከዓመታት በኋላ ሥዕሉን ያጠቁረዋል። በጧፍና በዕጣን የጠቆሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ያላየ ማን አለ? የተጎዘጎዘው ቄጠማ እርጥበትና ነፍሳት ያስገባል፣ ፈንዲሻና ስኳር ጉንዳንና አይጥ ይጠራል። ረከቦቱ በረንዳው ላይ ይዘርጋ፤ እንዲያውም ሰው ሥዕሉን አይቶ ሲወጣ የሚያወራበት ቦታ ያገኛል። ለቪዲዮ የሚበራውም መብራት ይታሰብበት። ለብራና፣ ለወረቀትና ለጨርቅ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ፣ ለዘይት ቀለም እስከ 200 ሉክስ ነው የሚመከረው፤ የካሜራ ባለሙያው ፓውዛ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያፈስሳል።

መግለጫ ጽሑፍን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ነ እና ኘ የሚለያዩት በአናታቸው ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ነው፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ጭረቷ ትጠፋለች። ለላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለእኛ ፊደል አይበቃም፤ የፊደሉ መጠን በኮምፒውተር ላይ ከ24 ነጥብ አይነስ። ዳር ሰፈር ውስጥ መግለጫው በአፋን ኦሮሞም መሆን አለበት፤ በቁቤ የተጻፈው ከአማርኛው ስለሚረዝም የሰሌዳው ስፋት በእሱ ይለካ። አማርኛውን አስቀድሞ ቀርጾ ሌላውን በተረፈው ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል ማጨቅ ጎብኚውን መናቅ ነው።

የተማሪ ቡድን ሲመጣ 45ቱን በአንድ ጊዜ አዳራሽ ማስገባት የተለመደ ጥፋት ነው፤ ከፊት ያሉት አሥሩ ያያሉ፣ የተቀሩት የጓደኛቸውን ጀርባ ያያሉ። በሦስት ተከፍለው 15ቱ ሥዕል ያዩ፣ 15ቱ በእጃቸው ይሥሩ፣ 15ቱ ግቢው ውስጥ ይሳሉ፤ በየ25 ደቂቃው ይቀያየሩ። ከመቀያየሪያው ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ሰፈር ውስጥ ስለሚውሉ ይህ ጊዜ አይባክን፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ሥራው ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ይሁን። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከጀመረ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ድምፅ ማጉያም አይረዳም። ለዚያች ሰዓት በዝምታ የሚሠራ ሥራ ይዘጋጅ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፕሮጀክተር ላይ የተንጠለጠለ ዝግጅት አይታሰብ።

በዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት ውሳኔ ከ1969 ዓ.ም ወዲህ የሙዚየም ቀን ሆኖ የሚታሰበው ግንቦት 10 ነው። ከላይ ያልነውን መሞከር የሚፈልግ ሙዚየም ለዚያ ቀን የጭቃ ሥራ ቢያስብ አፈሩን ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ማስረገጥ ይኖርበታል፤ የበልግ ዝናብ ስለማያስተማምን ጭቃው ላይ ሸራ ይወጠር።

ከእናንተም አንድ ነገር እንጠይቃለን፣ ክቡር አዘጋጅ። በየሳምንቱ የምታወጡት የዝግጅቶች ማስታወቂያ ቦታውንና የሚጀመርበትን ሰዓት ብቻ ይነግረናል። ሁለት መስመር ይጨመርበት፤ ዝግጅቱ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅና ቅርቡ የታክሲ መውረጃ የት እንደሆነ። ይህን ሞልቶ ያልላከ አዘጋጅ ማስታወቂያው አይውጣለት።

ከአክብሮት ጋር፣
በዐውደ ርእይና በእጅ ሥራ ሥልጠና ዝግጅት ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ